ብቸኝነትን ያራቀ ጉርብትና

ምጥ ብዙ ቀን ሲጸናና ሐኪም በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር፣ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ደም ስለሚያሳጣው ፊኛዋ ይበሳል፤ ሽንቷም ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ይህ ደዌ ፊስቱላ ይባላል። ከሕመሙ ይልቅ የሚከፋው ግን እፍረቱ መሆኑን እናስተውላለን፤ ብዙዎች ከማዕድም ከጉባኤም ርቀው፣ እንዲህ የሆንሁ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ይኖራሉና።

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው እነዚህን እናቶች ያክሙ ጀመር፤ በ1974 ዓ.ም. ለዚሁ ደዌ የተለየ ሆስፒታል አቋቋሙ። በዚያም አልጋ ለአልጋ የተጎራበቱት ሴቶች አንዲቱ በሌላይቱ ታሪክ ውስጥ የራሷን ታገኛለች። ከዳኑትም አንዳንዶቹ አስታማሚ ሆነው አዲስ የመጣችውን «እኔም እንዳንቺ ነበርሁ» ሊሏት ይችላሉ፤ ይህንን ቃል ሐኪም ሊናገረው አይቻለውም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታምመው ገብተው፣ ትምህርት ቤት ሳይውሉ የቀዶ ጥገናን ጥበብ ተምረው፣ በ1989 ዓ.ም. ከሎንዶኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ተሸልመዋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በጎረቤታችን ከሰው የምትሸሸግ እናት ብትኖር ደዌዋ በአብዛኛው የሚድን መሆኑን እንንገራት፤ ወደ ሐኪምም እናድርሳት። መከራዋ የብቻዋ አለመሆኑን ባወቀች ቀን የሸክሟ እኩሌታ ይወርድላታል።