የአባት ሰዓትና የልጅ ሰዓት
ታላላቅ ፊልሞች ልብን የሚነኩበት ምክንያት

በዛሬው ዘመን ፊልም ማየት አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ባንድነት ተቀምጠው ከሚያደርጉዋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ፊልም የትኛው እንደ ሆነ፤ ዓይንን ብቻ አጥግቦ ልብን በረኃብ የሚያሰናብተውም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የተገባ ነው። በመቶ ሚልዮን የሚቈጠር ዶላር የወጣባቸው ፊልሞች በየዓመቱ ይታያሉ፤ ከተማ ሲፈርስ፤ ባሕር ሲናወጥ፤ ሰማይ ሲቃጠል ያሳያሉ። ዳሩ ግን ብዙዎቹ በታዩበት ሌሊት ይረሳሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ተመልካቹን ሲያስለቅሱ ይኖራሉ። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ይህን ለመመርመር አስበን አንድ ፊልም በምስክርነት አቅርበናል።

በቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነገሩን ለማስተዋል አይቸገርም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ የሚታየው ነው፤ ወርቁ የተሰወረው ነው። ሰሙና ወርቁ ተለያይተው የቆሙ እንደ ሆነ ግን ቅኔው አይሰምርም፤ ሁለቱን ባንድ ቃል የሚያስተሳስር ኅብር ያስፈልገዋል። ታላቅ ፊልምም እንደዚሁ ነው። መርከቡ፤ ማዕበሉ፤ ከዋክብቱና የወጣው ገንዘብ ሁሉ ሰሙ ነው፤ የአንድ ሰው ኀዘን ወይም ፍቅር ወርቁ ነው። ሁለቱ ባንድ ኅብር የተሳሰሩ እንደ ሆነ ፊልሙ ይበረታል፤ ያልተሳሰሩ እንደ ሆነ ግን ሰሙ ለብቻው ቀልጦ ይቀራል።

በምስክርነት ያቀረብነው ፊልም «ኢንተርስቴላር» ይባላል፤ ትርጓሜው «በከዋክብት መካከል» ማለት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ 2014 ዓ.ም. ታየ፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ዲሬክተሩ ሰር ክሪስቶፈር ኖላን ናቸው፤ ድርሰቱንም ከወንድማቸው ከሚስተር ጆናታን ኖላን ጋራ ጽፈውታል። ወጪው 165 ሚልዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ርዝመቱም 2 ሰዓት ከ 49 ደቂቃ ነው። 10 ዓመት በመላው ጊዜ፤ በ 2024 ዓ.ም.፤ እንደ ገና በሲኒማ ቤት ቢታይ ሰው እንደ አዲስ ጐርፎ አይቶታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወደ ፊት በሚመጣ ዘመን ምድርን አቧራ ይወርሳታል፤ እህሉም በዋግ እየተመታ ይጠፋል፤ ለሰው የሚቀረው በቆሎ ብቻ ይሆናል። ቀድሞ አብራሪ የነበረ ኋላም ገበሬ የሆነ ኩፐር የሚባል ሰው ሚስቱ ሞታበት፤ ወንድ ልጁን ቶምንና ሴት ልጁን መርፍን ከአማቱ ጋራ ሆኖ ያሳድጋል። ኋላም የሰው ዘር የሚሰደድበትን ሌላ ዓለም እንዲፈልግ ተጠይቆ ወደ ጠፈር ለመሄድ ይነሣል። የ 10 ዓመት ልጅ የሆነችው መርፍ ግን አባቷ እንዳይሄድ ትለምነዋለች። እርሱም እመለሳለሁ ይላታል፤ ቀኑን ግን ለመናገር አይችልም። አንድ የእጅ ሰዓት ይሰጣታል፤ ሌላውን ራሱ ያስራል፤ በተመለስኩ ጊዜ ሁለቱን እናስተያያለን ይላታል። ልጅቱ ሰዓቱን ወርውራ ፊቷን ታዞራለች፤ ሳይታረቁም ይለያያሉ። ኩፐር በመኪናው ሆኖ ከአጠገቡ ያለውን ብርድ ልብስ ያነሣል፤ ከዚህ ቀደም ልጅቱ በዚያ ሥር ተሸሽጋ ተከትላው ነበርና። አሁን ግን ማንም የለም።

በዚህ ስፍራ የፊልሙ ሠሪዎች ያደረጉትን ነገር ማስተዋል ይገባል። አባት እያለቀሰ መኪናውን ሲነዳ፤ የሮኬቱ መነሻ ቍጥር ወደ ታች ሲቈጠር ይሰማል፤ ቍጥሩ ባለቀ ጊዜም ሮኬቱ ይነሣል። የጕዞው ዝግጅት ወይም የሽኝቱ ሥነ ሥርዓት አንዳችም አይታይም። ከቤቱ ደጃፍ እስከ ሰማይ ያለው መንገድ ባንድ ድምፅ ተሰፍቷልና፤ ተመልካቹ በሮኬቱ እሳት ውስጥ የሚያየው የአንድ ቤት በር ሲዘጋ ነው።

አሁን ኅብሩ ወደሚገኝበት ስፍራ ደርሰናል። አልበርት አይንስታይን በ 1915 ዓ.ም. በገለጡት ትምህርት መሠረት፤ የስበት ኃይል በበረታበት ስፍራ ጊዜ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝግታ ይሄዳል። ይህ ተረት አይደለም፤ በሰዓት ተመርምሮ የተረጋገጠ ነገር ነው። መንገድ የሚያመለክቱን ሳተላይቶች እንኳ ሰዓታቸው በዚሁ ሕግ ምክንያት እየታረመ ይሠራል። በፊልሙም ኩፐርና ጓደኞቹ በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ወደምትዞር፤ ውኃ ወደ ሸፈናት ዓለም ይወርዳሉ፤ በዚያችም ዓለም አንዱ ሰዓት በምድር 7 ዓመት ነው። ብናሰላው አንዲቱ ደቂቃ ከ 42 ቀን ትበልጣለች፤ አንዲቱም ሴኮንድ 17 ሰዓት ያህል ትሆናለች። ስለዚህ ማዕበሉ እንደ ተራራ ሆኖ ሲመጣ ተመልካቹ መርከቢቱ እንዳትሰበር ብቻ አይፈራም፤ እያንዳንዱ መዘግየት ከልጅቱ ዕድሜ ላይ እንደሚቈረስ ያውቃልና። ጊዜ የሚለው ቃል ለሊቃውንቱ የሥነ ፍጥረት ሕግ ነው፤ ለአባት ግን የልጁ ማደግ ነው። ሰሙና ወርቁ በዚህ ባንድ ቃል ተገናኙ።

ከዚያ አምልጠው ወደ ትልቁ መርከባቸው ሲመለሱ በምድር 23 ዓመት አልፏል። ኩፐር ተቀምጦ ከቤቱ የተላኩለትን መልእክቶች በተራ ይመለከታል። ቶም ይጐለምሳል፤ ያገባል፤ ልጁን ታቅፎ ያሳያል፤ ቀጥሎም ያንኑ ልጅና አያቱን እንደ ቀበረ ይናገራል፤ በመጨረሻም አባቱን ተስፋ መቍረጡን ይናገራል። ከዚያ በኋላ መርፍ ትልቅ ሴት ሆና ትታያለች፤ አባቷ ሲሄድ በነበረበት ዕድሜ ላይ ዛሬ መድረሷን ትነግረዋለች። በዚህ ስፍራ ማዕበልም እሳትም የለም፤ ተዋናዩ ማቲው መኮናሄ በወንበር ተቀምጦ ሲያለቅስ ፊቱ ብቻ ይታያል። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፊልም ከሁሉ የሚበረታው በዚህ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ማዕበሉ ባይቀድም ኖሮ ይህ ልቅሶ እንዲህ ባልከበደ ነበር፤ 23 ዓመት እንዴት እንደ ጠፋ ተመልካቹ በዓይኑ አይቷልና።

እንግዲህ የሥራው ታላቅነት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ታላቅነቱ ለእውነት የተገዛ መሆን አለበት ማለታችን ነው። ሰር ክሪስቶፈር የበቆሎውን እርሻ በሥዕል ከማስመሰል ይልቅ፤ በካናዳ አገር በአልበርታ 500 ኤከር፤ ማለት 5 ጋሻ ያህል፤ በቆሎ አስዘርተዋል። ተዋንያኑ በባዶ መጋረጃ ፊት ቆመው እንዲያስመስሉ በማድረግ ፈንታ፤ የጠፈሩን ሥዕል ከመርከቡ መስኮት ውጭ በመብራት አሳይተዋቸዋል፤ አይተው እንዲደነቁ። በፊልሙ መጀመሪያ ስለ አቧራው ከሚመሰክሩት ሽማግሌዎችም ብዙዎቹ ተዋንያን አይደሉም፤ በ 1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የደረሰውን የአቧራ መቅሠፍት በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ቃላቸውም ሚስተር ኬን በርንስ በ 2012 ዓ.ም. ካወጡት የታሪክ ፊልም የተወሰደ ነው።

ለሳይንሱም ሊቅ አማካሪ ነበረው። ፕሮፌሰር ኪፕ ቶርን የተረጋገጠ የሥነ ፍጥረት ሕግ እንዳይጣስ፤ ያልተረጋገጠውም ግምት ከሳይንስ የመነጨ እንዲሆን አሳስበው ነበር። የጥቁሩ ጉድጓድ መልክ ከእርሳቸው የሒሳብ ቀመር ወጥቶ በኮምፒዩተር ተሣለ። በፊልም አንዲቱ ሴኮንድ 24 ሥዕል ታሳልፋለች፤ ከእነዚህ ሥዕሎች አንዳንዱን ብቻ ለመጨረስ እስከ 100 ሰዓት ፈጅቷል። ከዚህም ሥራ የተገኘው ዕውቀት በ 2015 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት ታትሟል፤ በዚያው ዓመት ፊልሙ በዓይን ለሚታየው ጥበቡ የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ፕሮፌሰሩም በሌላ ሥራቸው፤ የስበትን ሞገድ በማግኘት፤ በ 2017 ዓ.ም. ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋራ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

የዜማው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል። ዲሬክተሩ ለዜማው ደራሲ ለሚስተር ሀንስ ዚመር ስለ ጠፈርና ስለ መርከብ አንዳች ሳይነግሩዋቸው፤ ስለ አባትና ስለ ልጅ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጥተው፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚመጣላቸውን እንዲጽፉ ለመኑዋቸው። ሚስተር ዚመርም ጥቂት ደቂቃ የሚሆን ዜማ ደረሱ፤ የፊልሙ ዜማ ሁሉ የበቀለው ከዚያ ነው። ኋላም ያ ዜማ በሎንዶን ከተማ በ 12ኛው መቶ ዓመት በተሠራው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ባለው ታላቅ ኦርጋን ተመታ፤ ኦርጋንም እንደ ሰው በትንፋሽ የሚናገር መሣሪያ ነው። ፊልሙ በሚሠራበት ጊዜ ምሥጢሩ እንዳይገለጥ የተሰጠው መሸፈኛ ስም ደግሞ በዲሬክተሩ ሴት ልጅ ስም የተጠራ «የእገሊት ደብዳቤ» የሚል ነበር። ወርቁ አስቀድሞ ተገኘ፤ ሰሙም በላዩ ፈሰሰ ማለት ነው።

ጕድለት የለበትም አንልም። በአንዳንድ ስፍራ ዜማው የተዋንያኑን ቃል እስኪውጠው ድረስ ይጮኻል፤ ብዙ ሰዎችም በዚህ አጕረምርመዋል። ደግሞ አንዲቱ ሊቅ ፍቅር ከጊዜና ከስፍራ በላይ የሆነ ኃይል ነው እያለች የምታደርገው ንግግር ስብከት ይመስላል። ሰዓቱ የተወረወረበትና ብርድ ልብሱ የተነሣበት ስፍራ ይህንኑ ያለ ቃል ነግሮን ነበር፤ ልብ ያየውን ነገር አፍ ሲደግመው ይቀላልና።

በመጨረሻ ኩፐር በዕድሜው እምብዛም ሳይገፋ ይመለሳል፤ መርፍን ግን አሮጊት ሆና በአልጋ ላይ ተኝታ፤ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ተከባ ያገኛታል። እርስዋም ልጁ ስትሞት ወላጅ ማየት አይገባውም ብላ ታሰናብተዋለች። ሰውን ሁሉ ለማዳን የሄደ አባት፤ የልጁን ዘመን እርሱ ሳይኖርበት ሌሎች እንደ ኖሩበት አየ። ፊልሙ መሄዱን አይነቅፍበትም፤ ዋጋውን ግን አይሸሽገውም።

ይህ ነገር ለእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ሥራ አባትን ከቤቱ የሚያርቀው በከዋክብት መካከል ብቻ አይደለምና፤ ለመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚላክም አለ፤ በዚያው ከተማ እያለ በጽሕፈት ቤቱ የሚያመሽም አለ። ለ 50 ዓመት ሰው አንድ ዓመት የዕድሜው ሃምሳኛ እጅ ነው፤ ለ 10 ዓመት ልጅ ግን ዐሥረኛ እጁ ነው። አባት «ጥቂት ቀን ነው» የሚለው በልጁ ሰዓት ረጅም ነው። የኩፐር ስሕተት መሄዱ ሳይሆን ከልጁ ሳይታረቅ መሄዱ ይመስለናል። መሄድ ግድ የሆነበት ሰው አስቀድሞ ከልጁ ጋራ ይታረቅ፤ የሚያውቀውን ቀን ብቻ ይቅጠር፤ የቀጠረውንም ያክብር።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ወደ ፊት ከልጆቻችሁ ጋራ ታላቅ የተባለ ፊልም ባያችሁ ጊዜ፤ ይህ ሁሉ ማዕበልና እሳት ከየትኛው ሰው ልብ ጋራ የታሰረ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካገኛችሁለት ጊዜያችሁ አልባከነም። ፊልሙም ባለቀ ጊዜ ወዲያው ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ ልጆቻችሁ ምን እንዳዩበት ጠይቃችሁ ስሙዋቸው።