ኮሞዶር 64 እና አስተርጓሚው

ኮሞዶር 64 ሲበራ ሰማያዊ ስክሪኑ አናት ላይ 38911 የሚል ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ተጠቃሚው ለሚጽፈው ፕሮግራም ስንት ባይት የማስታወሻ ቦታ እንደተረፈለት ይናገራል። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ማሽን ታዲያ የቤት ዋይፋይ ውስጥ ገብቶ፣ ባሕር ማዶ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጋር ፊደል በፊደል ይጻጻፋል። እንዴት እንደሚችል ማወቅ ትልቅ ደስታ አለው፤ አዲሶቹ ማሽኖች ሸፍነው የሚሠሩት ሥራ እዚህ ላይ ገሃድ ይታያልና።

ኮሞዶር ኩባንያን ያቋቋመው ጃክ ትራሚኤል ፖላንድ ውስጥ የተወለደ፣ ከአውሽቪትስ ካምፕ በሕይወት የወጣ፣ አሜሪካ ገብቶ በጽሕፈት መኪና ጥገና የጀመረ ሰው ነበር። ኮሞዶር 64 በኦገስት 1982 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ595 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። ሲያዩት ወፈር ያለ የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከቁልፎቹ ሥር ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ደግሞ የቤቱ ቴሌቪዥን ነው። የጊነስ መዝገብ ከነጠላ ሞዴሎች ሁሉ በብዛት የተሸጠ ኮምፒውተር አድርጎ ይዞታል። ኩባንያው በ1994 ሲከስር ምርቱም አበቃ።

የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም። ያለው ከጀርባው፣ ዩዘር ፖርት የሚባል 24 እግር ያለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ነው። ይህ መሰኪያ ለምንም የተለየ ሥራ አልተሰጠም። ባለቤቱ የፈለገውን ዕቃ ይሰካበት ተብሎ ክፍት የተተወ በር ነው። የዛሬው የኔትወርክ ታሪክ የሚያልፈው በዚህ በር ነው።

መጀመሪያ በዚያ በኩል የገባው ሞደም ነበር። ኮሞዶር ቪክሞደም ብሎ የሸጠው ዕቃ ራሱ ቁጥር መደወል አይችልም ነበር። ሰውየው በቤቱ ስልክ ይደውላል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ሲያፏጭ ይሰማል፤ ወዲያው የእጀታውን ገመድ ከእጀታው ነቅሎ ሞደሙ ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማሽኖች በፉጨት ይነጋገራሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ቢት ነው። አንድ ፊደል ከመነሻና ከማብቂያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚፈጅ፣ በሰከንድ 30 ፊደል ይደርሳል ማለት ነው። የኮሞዶር ስክሪን 40 ፊደል በ25 መስመር፣ በድምሩ 1000 ፊደል ይይዛል፤ አንዱ ገጽ እስኪሞላ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንባቢው ጽሑፉን ከሚመጣበት ፍጥነት ጋር እኩል እየሄደ ያነበው ነበር።

ከዚህ የፈጠነ ሞደም ቢሰካበትስ ለምን እንደ ልቡ አይፈጥንም? መልሱ ከሞደሙ ይልቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ለእኔ የዚህ ማሽን ምርጡ ትምህርትም ይህ ነው። አንዳንድ ሌሎች ኮምፒውተሮች ቢት እየቆጠረ የሚቀበል ራሱን የቻለ ቺፕ ነበራቸው። ኮሞዶር 64 ለዋጋው ሲባል ይህን ቺፕ ስላልያዘ ቆጠራው በፕሮሰሰሩ ትከሻ ላይ ወደቀ። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ያህል ምት ይመታል። በ2400 ቢት ፍጥነት ለአንድ ቢት 426 ገደማ ምት ይደርሰዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መስመሩን አይቶ፣ ቢቱን መዝግቦ፣ ሌላውን ሥራውንም መቀጠል አለበት። እዚህ ላይ ሌላ ባለጉዳይ ይመጣል። ስክሪኑን የሚሥለው ቺፕ በየስምንተኛው የሥዕል መስመር ላይ ፕሮሰሰሩን አስቁሞ ከ40 የሚበልጡ ምቶች ይወስድበታል። በ2400 ይህ ይቻላል። በ9600 ግን ለአንድ ቢት የሚደርሰው 106 ምት ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ 40 ሲነጠቅ ቢቱ ሳይታይ ያልፋል፤ ስክሪኑም ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ይሞላል።

መፍትሔው ከማሽኑ ውስጥ ተገኘ። ዩዘር ፖርቱን የሚያስተዳድረው 6526 የተባለው ቺፕ ቢቶችን አንድ በአንድ ተቀብሎ ስምንት ሲሞሉ የሚያስረክብ ክፍል አለው፤ ለሌላ ሥራ የታሰበ ነበር። ፕሮግራመሮች በመሰኪያው ላይ ጥቂት ተጨማሪ ሽቦዎች አያይዘው ቆጠራውን ለእርሱ ሰጡት፤ በ9600 ያለ ስህተት መቀበል ተቻለ። አንድም አዲስ ቺፕ አልተጨመረም። በ300 ቢት 64 ኪሎባይት ለመላክ 36 ደቂቃ ያስፈልግ ነበር፤ በ9600 ከደቂቃ ብዙም አይርቅም።

በስልኩ ዘመን ይህ ማሽን ሩቅ ሄዷል። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ለኮሞዶር ባለቤቶች ብቻ የተከፈተው ኳንተም ሊንክ የተባለ አገልግሎት በኋላ አሜሪካ ኦንላይን ወደተባለው ግዙፍ ኩባንያ አድጓል። ሀቢታት የተባለው፣ ሰዎች በሥዕል አካል ለብሰው የሚገናኙበትና የሚነጋገሩበት የጋራ ዓለምም የተሞከረው በዚሁ አገልግሎት ላይ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የምናያቸው የጋራ ጨዋታዎች የሩቅ አያቶች አሏቸው፤ ከአያቶቻቸውም አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ የሞደሙን ቦታ የያዘው ኢኤስፒ 8266 የተባለ፣ የሻንግሃዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ የሚሠራው፣ ዋጋው ጥቂት ዶላር የሆነ የዋይፋይ ቺፕ ነው። በሰከንድ 80 ሚሊዮን ምት ይመታል፤ ከሚያገለግለው ኮምፒውተር 80 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ሥራው ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ የድሮ ሞደም መምሰል ነው። ድሮ፣ ራሳቸው መደወል በሚችሉት ሞደሞች ላይ፣ ኤቲዲቲ ብሎ የስልክ ቁጥር የጻፈ ሰው ሞደሙን ቁጥሩን እንዲደውል ያዘው ነበር። ዛሬም ኮሞዶር ኤቲዲቲ ይላል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የአንድ ኮምፒውተር የኢንተርኔት አድራሻ ይከተላል። ቺፑ በዋይፋይ በኩል ግንኙነቱን ከፍቶ፣ ስልኩ የተነሣ ያህል፣ ተገናኝቷል የሚል ቃል ይመልሳል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል፣ የኢንተርኔቱ ሕግ፣ የጠፋ መልእክት እንደገና መላኩ፣ ሁሉም እርሱ ዘንድ ያልቃል። ኮሞዶር ስልክ መስመር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ለ40 ዓመት የቆየ ሶፍትዌሩም አንድ ፊደል ሳይለወጥ ይሠራል። ጥሩ አስተርጓሚ ማለት እንዲህ ነው፦ ሽማግሌውን አዲስ ቋንቋ ካልተማርክ አይለውም።

ፊደሉም ራሱ ትርጉም ይፈልጋል። ኮሞዶር ፔትስኪ የሚባል የራሱ የፊደል ኮድ አለው፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ከተለመደው ኮድ ተገላብጦ ስለተቀመጠ፣ ያላስተካከለ ሰው የሚቀበለው ጽሑፍ ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ ነው። የፊደሎቹን መልክ ግን ተጠቃሚው በ8 በ8 ነጥብ ራሱ ሊሥል ይችላል፤ ለ256 ምልክቶች ቦታ አለ። እኔ ይህን ሳስብ የእኛ ፊደል ይመጣብኛል። 33ቱ በ7 ቤት ተባዝተው 231 ናቸው፤ ይገባሉ፤ ለነጥቦችና ለጥቂት አኃዞችም ቦታ ይተርፋል። እነ ጨን በ8 ነጥብ ስፋት መሣል ትዕግሥት ቢጠይቅም የሚሞከር ሥራ ነው።

ኮሞዶርን ያለ አስተርጓሚ በገዛ እግሩ ኢንተርኔት ላይ እንዲቆም ያደረጉትም አሉ። ከካርትሪጅ መሰኪያው ጋር የሚያያዝ የኔትወርክ ካርድ ተሠራለት። ስዊድናዊው አዳም ደንከልስ ደግሞ የኢንተርኔትን ሕግ በጥቂት ኪሎባይት ኮድና በጥቂት መቶ ባይት ማስታወሻ ጻፈው፤ ኮንቲኪ ብሎ የሰየመው ሥርዓትም በኮሞዶር 64 ላይ የድረ ገጽ ማሳያ ይዞ ተነሣ። ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ፣ በትንሽ ባትሪ የሚኖሩ ብዙ መሣሪያዎች ከኔትወርክ ጋር የተያያዙት በዚሁ ኮንቲኪ ነው። ለአሮጌ የቤት ኮምፒውተር የሚበቃ ኮድ ለአዲስ ጥቃቅን መሣሪያም በቃ።

ወሰኑ ግልጽ ነው። የዛሬ ድረ ገጽ የሚላከው በምስጢር ተቆልፎ ነው፤ መቆለፊያው በጣም ትልልቅ ቁጥሮችን ማባዛት ይጠይቃል። የኮሞዶር ፕሮሰሰር ደግሞ የማባዛት ትእዛዝ እንኳ የለውም፤ በመደመር እየደጋገመ ነው የሚያባዛው። ስለዚህ ባንክና ማኅበራዊ ገጾች አይከፈቱበትም። ለጽሑፍ፣ ለደብዳቤ፣ ለፋይል ልውውጥና ለቀላል ጨዋታ ግን በሚገባ ይበቃል፤ እኔ ለዚህ ብቻም ቢሆን መያያዙ ይገባዋል እላለሁ።

አንድ ማሽን እጃችሁ ቢገባ ሞደሙን ከማሰባችሁ በፊት ትራንስፎርመሩን ተመልከቱ። ብዙዎቹ የጥንት ትራንስፎርመሮች በሙጫ ተደፍነው የተሠሩ ናቸው፤ ሲያረጁ 5 ቮልት መስጠት የሚገባው መስመር ከፍ ይልና የማስታወሻ ቺፖቹን ያቃጥላል። ዛሬ ደህና የለካ ነገ ላይደግመው ይችላልና አዲስ መግዛት ይሻላል። ዩዘር ፖርቱ ላይ ምንም ነገር ስትሰኩም ሆነ ስትነቅሉ ማሽኑ ይጥፋ፤ ከእግሮቹ ሁለቱ 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚይዙ፣ ተገልብጦ የገባ ሞደም 6526ን ሊያጠፋው ይችላል፤ ይህ ቺፕ ደግሞ ከእንግዲህ አይመረትም። ከዚያ አብሩትና ስክሪኑን አንብቡ። ማሽኑ ሲነሣ ማስታወሻውን ራሱ እየፈተሸ ይቆጥራል፤ ምንም ሳይሰካበት ሲበራ ከ38911 ያነሰ ቁጥር ከጻፈ አንድ የማስታወሻ ቺፕ ሳይበላሽ አልቀረም።