ከፊደል ገበታ ግርጌ ያሉት ሃያ ምልክቶች

ከፊደል ገበታ ግርጌ አብዛኛው ሰው ሳያነባቸው የሚያልፋቸው ሃያ ምልክቶች ተደርድረዋል። ከ፩ እስከ ፲ አንድ በአንድ፣ ከ፲ እስከ ፻ ዐሥር በዐሥር ይሄዱና በ፼ ያበቃሉ። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ዋጋ በእነዚህ የሚጽፍ ነጋዴ አይገኝም። ነጋዴው የሚቀበለው የአንድ ብር ሳንቲም ግን ዓመተ ምሕረቱ ፳፻፪ ተብሎ ተቀርጾበታል። በምኒልክ ዘመን የተመታው ብርም ፲፰፻፹፱ ይላል። ሳንቲሙ በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቁጥሩን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ምልክቶቹ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ፣ ከራሱ ከፊደሉ ወጥተዋል የሚሉ የአገር ውስጥ ጸሐፍት አሉ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ከግሪክ መጥተዋል የሚለው ነው፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ ከመልካቸው ይልቅ በተራቸው ላይ ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥር ሲጠቀሙበት በስድስተኛውና በዘጠናኛው ቦታ ላይ ከንባብ የወጡ፣ ለቁጥር ብቻ የቀሩ ሁለት አሮጌ ፊደላትን አስገብተው ነበር። ፮ እና ፺ የቆሙት በእነዚያው ቦታዎች ነው። ከራሱ ፊደል ቁጥር የሚያወጣ ሕዝብ የሌላውን አሮጌ ፊደል ቦታ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ይሁን እንጂ የአክሱም ጸሐፍት እንዳለ አልገለበጡትም። ግሪኩ እስከ 999 ለመድረስ 27 ፊደላት ያስፈልጉታል፤ ለ200፣ ለ300፣ ለ400 የተለያዩ ምልክቶች አሉት። ግዕዝ ግን ፻ ላይ ቆመና ማባዛት ጀመረ። ሁለት መቶ ፪፻፣ ሦስት መቶ ፫፻ ሆነ። ፼ ደግሞ ሁለት ፻ ተጋጥመው መቶ ጊዜ መቶ ሲሆኑ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ የምርኮው ቁጥር ተዘርዝሯል፦ 214 ወንድና 415 ሴት ምርኮኛ፣ 10,560 ከብት፣ 51,050 በግ። የበጎቹ ቁጥር በግዕዝ ሥርዓት ፭፼፲፻፶ ይሆናል። አምስት እልፍ፣ ዐሥር መቶ፣ ሃምሳ ተብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ባዶ ቦታ የሚጠብቅ ዜሮ አላስፈለገም፤ የሌለው ነገር አይጻፍም፣ አይነበብምም።

የጣና ዳርቻ ለዚህ ጥናት ሀብታም ስፍራ ነው። በክብራን ገብርኤል የሚገኘው የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አራቱ ወንጌል፣ ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን ቅጽ ያሳተመው የጣና ብራናዎች ዝርዝር የሚከፈትበት መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያሉ ወንጌሎች ከንባቡ በፊት በዐምድና በቅስት ያጌጡ ሠንጠረዦች አሏቸው። ጎብኚ ሐረጉንና ቀለሙን አይቶ ያልፋል። በዐምዶቹ መካከል የሞላው ግን ቁጥር ነው። የቂሣርያው አውሳብዮስ ወንጌሎቹን በቁጥር ከፋፍሎ ማቴዎስን 355 ክፍል አድርጎታል፤ አንድ ታሪክ በሌላው ወንጌል የት እንደሚገኝ በዐሥር ሠንጠረዦች ያመለክታል። የመጨረሻው የማቴዎስ ክፍል ፫፻፶፭ ይባላል። በብዙ ብራናዎች ከቁጥሩ በላይና በታች ሰረዝ ይሰመራል፤ አንባቢ ቁጥሩን ከፊደል እንዲለይ ነው። ፮ እና ፯ን ያምታታ ጸሐፊ አንባቢውን ወደ ሌላ ታሪክ ይልከዋል።

ዳዊት የሚደግም ሰውም ከእነዚህ ምልክቶች አይለይም። እያንዳንዱ መዝሙር በቁጥሩ ይታወቃል፤ ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር ተጠቃሎ አንድ ንጉሥ ስለሚባል ፻፶ው መዝሙር ዐሥራ አምስት ንጉሥ ይሆናል።

«ታዲያ በዚህ ቁጥር እንዴት ይደመራል፣ እንዴት ይባዛል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት ሒሳብ፣ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ አለ፦ ሒሳቡ የሚሠራው በቃል ነው፣ ምልክቱ ውጤቱን ይመዘግባል። የ2018 ዓ.ም.ን እንይ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ይተዋል፤ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይቀራል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ድምራቸው 30 ስለሆነ መምህሩ ስሕተቱን እዚያው ያገኛል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ ለዕለቱ የሚደመረው የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። አንድም ነገር አልተጻፈም።

ዜሮም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ምልክት አይኑረው እንጂ ስም አለው። በ2006 ዓ.ም. ከ19 የተረፈው 1 ነበር። እሱም ለዘመን ሲተው ወንበሩ ምንም ሆነ፤ ሊቃውንቱ «አልቦ» ይሉታል። አበቅቴውም አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነበር። ዜሮ ስለሌለን ቁጥራችን ጎደሎ ነው ብለው አዲስ ምልክት ለመጨመር የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ግን ሥርዓቱ በቦታ ሳይሆን በንባብ የሚሄድ በመሆኑ ዜሮ ቢጨመርለት የሚቀመጥበት ወንበር የለውም።

የንባብ ሥርዓት መሆኑ በአማርኛ አነጋገር ይታያል። 1966ን «ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት» እንላለን፤ ፲፱፻፷፮ም ቃል በቃል ይኸው ነው። ችግሩ ሁለት ሺህ ዓ.ም. ሲገባ መጣ። ምልክቱ ፳፻፣ ማለትም ሃያ መቶ ይላል፤ አፋችን ደግሞ ሁለት ሺህ። ግዕዙ ለሺህ ራሱን የቻለ ምልክት የለውም፤ ዐሠርቱ ምእት ብሎ ያልፈዋል። እልፍም በግዕዝ ዐሥር ሺህ ነው፤ ዛሬ በአማርኛ ስፍር ቁጥር የሌለውን ሁሉ እልፍ እንላለን። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዘጋጆች መውጫ አበጁ፦ በቁጥሩ መካከል ፊደል አስገብተው ፪ሺ፩ ብለው ጻፉ። ሊቃውንቱን ይከነክናቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አነጋገር ጽሑፍን ሲያሸንፍ ያየሁበት ግሩም ምሳሌ ነው እላለሁ።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወደ እንጅባራ ሲወረድ አቆጣጠሩ ራሱ ይለወጣል። በአውንጊ ቋንቋ ሁለት «ላንጋ»፣ ሰባት «ላንገታ» ነው። ስምንትም ከሦስት፣ ዘጠኝም ከአራት በተመሳሳይ መንገድ ይወጣሉ። አምስት ጣት ሞልቶ በሌላው እጅ እንደገና የሚጀመር አቆጣጠር ነው። አማርኛው ደግሞ ለክፍልፋይ ሰፊ ቃል አለው፤ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የጎጃም ገበሬ ከባለመሬት ጋር ሲዋዋል የኖረባቸው ናቸው። ለወሩ ቀናት ቁጥር ማንሳትም ግድ አይደለም፤ «ለጊዮርጊስ እመልስልሃለሁ» ያለ ተበዳሪ 23ኛውን ቀን ቆርጧል።

ለንጽጽር ከሕንድ ደቡብ የታሚል ቋንቋ ይጠቀሳል። ታሚሎችም ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቀጥለው ለዐሥር፣ ለመቶና ለሺህ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው፤ እንደኛው በማባዛት ያለ ዜሮ ይጽፉ ነበር። በኋላ ዜሮ አስገብተው በቦታ መጻፍም ጀመሩ። ለሺህ ምልክት ስለነበራቸው እንደ ፪ሺ፩ ያለ ጣጣ አላገኛቸውም። ክፍልፋይንም እኛ በቃል ብቻ ስንተወው እነሱ ለሩብ፣ ለግማሽ፣ ለሃያኛ፣ እስከ 320ኛ ድረስ ምልክት ቀረጹ። ያም ሆኖ በታሚልናዱ ዛሬ ሱቅ የሚገባ ሰው ዋጋ የሚያነበው እንደ ባሕር ዳሩ ሸማች በ1፣ 2፣ 3 ነው።

ሃያዎቹ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊደሉ ጋር ዩኒኮድ ገብተዋል። ኮምፒዩተሩ የሚቀበላቸው እንደ ጽሑፍ ነው፦ ሠንጠረዥ ላይ ፳ እና ፴ን ደምር ቢሉት አይደምርም። ለድረ ገጽ ተራ ቁጥር ግን ሥርዓት ተበጅቶላቸዋል። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ ይቆርጥና በየመሐሉ ፻ን ወይም ፼ን ያስገባል፤ 2018 ሲሰጡት 20 እና 18 አድርጎ ከፍሎ ፳፻፲፰ ይመልሳል።