ቅዳሜን ማክበር ከጸጋ ያወጣል?

«ቅዳሜን የምታከብሩ፣ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን የምትገርዙ፣ አሳማ የማትበሉ ከሆነ ከኦሪት መቼ ወጣችሁ? ጸጋውስ ምን ሠራላችሁ?»

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያሉ ወጣቶች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። «አባቶቻችን ያቆዩን ነው» ብሎ ማለፍ ለጠያቂው አይበቃም። ጥያቄው ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተነሥቶ መልስ ያገኘ ነው፤ መላሹም ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም።

ከወሎ ቦረና በስተሰሜን፣ ሳይንት ውስጥ ያለችውን ተድባበ ማርያምን ታውቋታላችሁ። በትውፊታችን ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዷ ናት። በዚህች ደብር ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ዐፄ ገላውዴዎስ ነው፤ መላሹም እርሱ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ቄስ ወደ ንጉሡ መጥቶ የኢትዮጵያን ሃይማኖት የሚነቅፍ ጽሑፍ አቀረበ። ንጉሡም በዚያው ዓመት የእምነቱን መግለጫ በግእዝ ጻፈ።

የመልሱ አካሄድ ይገርመኛል። ቅዳሜን አናከብርም ብሎ አልካደም፤ ካላከበርን አንድንምም አላለም። አይሁድ ውኃ ሳይቀዱ፣ እሳት ሳያነዱ እንደሚያከብሩት አይደለም አለ፤ እኛ ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ የፍቅር ማዕድ እናዘጋጅበታለን። ግዝረቱንም የአገር ልማድ እንጂ የመዳን ምክንያት አላደረገውም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ አብርሃም የጸደቀው ገና ሳይገረዝ እንደሆነ ያስረዳ የለም? ከንጉሡ በፊትም የእኛው የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1424 መጽሐፈ ምስጢርን የፈጸመው ሊቅ፣ ሁለቱን ሰንበታት፣ ቅዳሜንና እሑድን፣ ማክበር ይገባል ከሚሉት ወገን ነበር። ቃል ሥጋ መሆኑን እንደዚያ ያመሰጠረ ሰው ጸጋን ዘንግቷል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ሕግ ምን ይሠራል? በሁለት ማሳዎች መካከል እንደተተከለ የወሰን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ባይኖር የገፋኸው መሬት የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ስላለ ግን ገፊነትህ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ድንጋዩ የገፋኸውን አይመልስልህም፣ ከባለማሳውም አያስታርቅህም። ጳውሎስ ኃጢአት የሚታወቀው በሕግ ነው፣ ጽድቅ ግን በሕግ ሥራ አይገኝም የሚለው ይህን ነው። ማስታረቁ የክርስቶስ ሥራ ነው፤ ከእኛ አንዳች ዋጋ ሳይቀበል የሠራው። ከታረቅን በኋላ ወሰን ብናከብር ዕዳ መክፈላችን አይደለም፤ የታረቀ ሰው ኑሮው እንዲህ ስለሆነ ነው። «በጸጋ ድኛለሁና እንደ ልቤ ልኑር» የሚልም እርቁን አልተረዳውም።

ክርክሩን ትቼ ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የሚያስጨንቀኝ ይህኛው ነው። በሰንበት በሬ የማይጠምድ፣ ሁዳዴን አንድ ቀን የማይገድፍ ጎልማሳ ቅዳሴ ያስቀድስና ሌሎች ሲቆርቡ ቆሞ ያያል። ለምን ስትሉት «ኃጢአቴ ብዙ ነው፣ ሲመሽ፣ ስሸመግል እደርሳለሁ» ይላችኋል። ትሕትናው እውነተኛ ነው፤ በማይገባ መቅረብም እንደሚያስፈርድ ሐዋርያው ተናግሯል። ግን ይህ ሰው ሕጉ የሚነግረውን ሁሉ ሰምቶ ምሕረቱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ገላውዴዎስ ቅዳሜያችንን ከኦሪቱ የለየው በቁርባኑና በፍቅር ማዕዱ ነበር። ሁለቱን ትተን ሥራ መፍታቱን ብቻ ከያዝን፣ ሮድሪገስ ዛሬ ቢመጣ ምን እንመልስለታለን?

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ቅዳሜን አክብሩ፣ ጾሙን ጹሙ። የንስሐ አባት ያላችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱና «ለመቁረብ ምን ይቀረኛል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሌላችሁም ያዙ። ቀኖና ቢሰጧችሁ ስግደቱን የኃጢአት ዋጋ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ለቁስል የተሰጠ መድኃኒት ነው፣ ሲፈጸምም ወደ ቁርባኑ ያደርሳል።