ሀይቅ ዳር የከተመ ሊግ

ቃሊቲ ላይ ቆሞ መንገዱን ላስተዋለ ሰው የማያልፍ መኪና የለም። ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢ ያልፋል፤ ሲሚንቶ የጫነው ሲኖትራክ ያልፋል፤ «ደብረ ዘይት! ናዝሬት!» የሚለው ሚኒባስ ያልፋል፤ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የሚንገጫገጨው ለማጅም ቢሆን እንደምንም ያልፋል። ከነዚህ ሁሉ መሀል አንዳንዴ ጎኑ ላይ የክለብ አርማ የተለጠፈበት አውቶብስ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሰፈር ልጆች ኳሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ። መጋረጃው ገለጥ ይላል፣ አንድ እጅ ከውስጥ ይወዛወዛል፣ በቃ! አውቶብሱ ወይ በአቃቂ በኩል አሮጌውን መንገድ ይይዛል፣ ወይ ቱሉ ዲምቱ ደርሶ ፈጣን መንገዱ ላይ ይወጣል።

ድሮ ቢሆን ያ አውቶብስ በሁለተኛው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ቀን ይመለስ ነበር። ነጥብ ይዞም ይሁን ተሸንፎ ይመለሳል። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በነበሩት የውድድር ዘመናት ግን የሄደው ክለብ ለሳምንታት አይመለስም። ሻንጣውን ጭኖ፣ ማሊያውን ጭኖ፣ ሐኪሙንና ወጌሻውን ይዞ የሚገባው ሆቴል ነው። ሆቴሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሀይቅ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ2012 ኮሮና ሊጉን ያለ ሻምፒዮን አስቀረው። በቀጣዩ ዓመት ሲመለስ ሁለት ነገር አብሮት መጣ፤ አንዱ የወረርሽኙ ጥንቃቄ፣ ሁለተኛው የዲኤስቲቪ ካሜራ። ካሜራውን በየሳምንቱ በየከተማው ከማዞር ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ ሰብስቦ ማጫወት ቀለለ። 13 ክለቦች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ እየተዘዋወሩ ዓመቱን ጨረሱ። በ2014 ክለቦቹ 16 ሆኑ፤ ከተሞቹም ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ባህር ዳር ነበሩ። ለጊዜው ነው የተባለው ነገር ልማድ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ሀገራችን ባህር የላትም። በሌላው ዓለም የባህር ዳርቻ ሆቴል የሚባለው ነገር እኛ ጋ ሀይቅ ዳር ነው ያለው። ለአቃቂ ሰው ቅርቡ ቢሾፍቱ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሆራ፣ ባቦጋያ ወይም ኩሪፍቱ ዳር ቁጭ ማለት ይቻላል። ክለቦቻችንም ገና ሊጉ ሳይጀመር ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ወደዚያው ይሮጣሉ። ሀዋሳ ላይ ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2002 ዓ.ም የከፈተው ሪዞርት አለ። ውሃው እግር ሥር፣ ሣሩ የተከረከመ፣ ወፉ የሚንጫጫ።

ኃይሌ ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ጣል አድርጎ ማለፍ ደስ ይላል። በ1996 ዓ.ም በአቴንስ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየተገላመጡ ሲጠብቁት፣ እግሩን እያመመው አምስተኛ የወጣው ኃይሌ ነው ከስድስት ዓመት በኋላ ሆቴሉን የከፈተው። ብዙ ሰው ግሪክ ሲባል ትዝ የሚለው ያ ምሽት ነው። የኳሱ ሰው ደግሞ በዚያው ክረምት ፖርቱጋልን በቻሪስቴያስ ጭንቅላት 1 ለ 0 አሸንፋ የአውሮፓ ዋንጫ የወሰደችውን ግሪክ ያስታውሳል።

ሆቴልና ኳስ ጥንትም ጎረቤት ናቸው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2018 ክርስቲያኖ ሮናልዶ ከዓለም ዋንጫ ተሰናብቶ ቤተሰቡን ይዞ የሄደው ግሪክ ነበር፤ ደሴት አይሁን እንጂ ኮስታ ናቫሪኖ የሚባለው የባህር ዳርቻ ሪዞርት ከየትኛውም የግሪክ ደሴት ሆቴል አያንስም። የጁቬንቱሱ ፕሬዚዳንት አንድሪያ አኜሊ እዚያው ድረስ ሄደው ነው ያገኙት። በ100 ሚሊዮን ዩሮ ማድሪድን ለቆ ቱሪን የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ሲወጣ ለሠራተኞቹ 20 ሺህ ዩሮ ጉርሻ ትቶ ሄደ ተብሎም በየጋዜጣው ተጽፏል። ጉርሻው እውነትም ይሁን ወሬ፣ ለሮናልዶ ሆቴሉ የእረፍት ቦታ ነው። ደስ ሲለው ይገባል፣ ሲበቃው ይወጣል።

ለብሔራዊ ቡድን ግን ነገሩ ይለያል። በ2006ቱ (እ.ኤ.አ) የዓለም ዋንጫ እንግሊዞች ባደን ባደን አካባቢ ተራራ ላይ ያለ ቅንጡ ሆቴል ገቡ፤ ሚስቶቻቸውና ፍቅረኞቻቸው ከተማው ውስጥ ሌላ ሆቴል ያዙ። ጋዜጠኛው ኳሱን ትቶ የሴቶቹን ግዢ ሲቆጥር ከረመ። ሩኒ ቀይ አየ፣ ፖርቱጋል በፍፁም ቅጣት ምት ሸኘቻቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ብራዚል ላይ ጀርመኖች ያደረጉትን ደግሞ እዩ። ባሂያ ውስጥ ሳንቶ አንድሬ በምትባል መንደር፣ ውቅያኖሱ ጫፍ ላይ በተሠራው ካምፖ ባሂያ ገቡ። ለመግባትም ለመውጣትም ወንዙን በጀልባ መሻገር ግድ ነበር። ተጫዋቾቹን በየቤቱ ሲደለድሉም የባየርንና የዶርትሙንድን ልጆች ቀላቀሏቸው። ብራዚልን 7 ለ 1፣ አርጀንቲናን 1 ለ 0። ያው ባህር ዳርቻ፣ ያው ፀሐይ፣ ግን ሆቴሉ ለሥራ ነበር።

ጀርመኖች እዚያ የቆዩት ግን አንድ ወር ገደማ ነው። ዋንጫ አንስተው ቤታቸው ገቡ። የኛ ተጫዋች የሆቴል ኑሮ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተሻገረ የዓመቱን እኩሌታ በላይ ይበላል።

ውሎው ምን ይመስላል? ጠዋት ቁርስ። ከዚያ ልምምድ፤ እሱም ተራ ሲደርስ ነው፤ ክለቡ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ ጥሩ ሜዳ በጣት የሚቆጠር ነውና። ምሳ። እንቅልፍ። ማሳጅ የሚያስፈልገው ማሳጅ። ማታ ስልክ። ሁለት ሁለት ሆነው ክፍል ስለሚጋሩ ሚስቱን የሚያወራው ኮሪደር ላይ ይወጣል፤ ልጁ አባባን አሳዪኝ እያለ የሚያለቅስበትም አለ። ሀዋሳ ከሆነ አሞራ ገደል ቅርብ ነው። አሣ አጥማጁ፣ አባ ኮዳው፣ ጥሬ አሣ በዳጣ የሚበላው ጎብኚ ሁሉ እዚያ ነው። ተጫዋቹ ግን ጨዋታ ሦስት ቀን ቀርቶት ጥሬ አሣ ልብላ ቢል አሰልጣኙ አያስበላውም። ሀይቁን በመስኮት እያየ ፓስታውን ይበላል።

ይህን ለአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኛ ቢነግሩት ይስቃል። ሌሊት 11 ሰዓት ሰርቪስ ለሚጠብቅ ሰው፣ አልጋው ተነጥፎለት ምግቡ ቀርቦለት ሀይቅ ዳር የሚውል ወጣት ምን ሆኖ ይከፋዋል? እውነቱን ነው። ሁሉም ክለብ ግን ቅንጡ ሆቴል የሚገባ እንዳይመስላችሁ። አቅም ያለው ውሃው ዳር ያድራል፤ አቅም የሌለው ከመናኸሪያ ጀርባ አልጋ ይይዛል፣ ሀይቁን የሚያየው ለሩጫ ሲወጣ ነው። ቅንጡውም ቢሆን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያው ግድግዳ ነው። ተጫዋች ከቤቱ ሜዳ፣ ከእናቱ ወጥ፣ ከሰፈሩ ልጅ ስድብም ጭምር የሚያገኘው ጉልበት አለ፤ ያን ጉልበት ሆቴል አይሰጥም።

ሒሳቡስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሜዳ ቀርቶ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት ለሠላሳና ለአርባ ሰው፣ ለሳምንታት። አብዛኛው ክለባችን የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በሊጉ ደግሞ ደሞዛችን ለወራት አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆሙ ተጫዋቾች ዜና በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይሰማል። አልጋው ተከፍሎ ደሞዙ ሳይከፈል ሲቀር አስቡት። ልጁ ምሽት ላይ ሀይቁን እያየ የሚያስበው የቤት ኪራዩን ነው።

ደግሞ የዋንጫው ነገር አለ። በ2013 አፄዎቹ፣ ፋሲል ከነማ፣ በታሪካቸው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰዱ። በዚያው ዓመት የቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ምን ዓይነት ዓመት ነበር! ግን ጎንደር ከአዘጋጆቹ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። ያን ሁሉ ዓመት ክለቡን አዝሎ የኖረው የጎንደር ደጋፊ ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነበትን አንድም ጨዋታ በገዛ ሜዳው አላየም። ዋንጫው የገባለት እንደ እንግዳ፣ በጉዞ ነው። አቡበከርም ከነዚያ ጎሎች ብዙዎቹን ያስቆጠረው የቡና ሕዝብ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ በ2014 መጨረሻ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ደጋፊው በአካል ሳይጠግበው ማለት ነው።

የቃሊቲውስ? በመስከረም 2008 የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር የዚህ ሰፈር ኳስ ወዳድ ከማንም በላይ ነበር የተጠቀመው። ቃሊቲ ተሳፍሮ፣ ሳሪስን አልፎ፣ ስታዲየም በር ላይ መውረድ ነው። ከዚያ በፊት ታክሲ እየቀያየረ ጎተራ ላይ ሲጋፋ፣ ካታንጋ ሲደርስ አንደኛው ጎል ገብቶ ይጠብቀው የነበረ ሰው ነው። ሚስማር ተራ ቋሚ ቦታ የነበረው አለ፤ ከማን አንሼ ካልገባሁ ኳስ ያየሁ አይመስለኝም የሚልም አለ። ባቡሩ በመጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ፈረሰኞቹም ቡናማዎቹም ሻንጣቸውን ይዘው ከከተማው ወጡ። ባቡሩ ስታዲየም ጣቢያ ላይ እየቆመ ሰው ያወርድ ነበር፤ የሊግ ጨዋታ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ሰዉ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። አማርኛ ኮሜንታሪ፣ ጥሩ ካሜራ፣ ድጋሚ ምስል፤ ይህን የጠላ የለም። አንድ ቡና ወይም አንድ ለስላሳ አዞ ዘጠና ደቂቃ የሚያይ ሞልቷል። ግን እስክሪኑ ላይ የሚታየው ወንበር ባዶ ነው። ጎል ሲገባ ቃሊቲ ውስጥ ያለው ቤት ሜዳው ካለበት ስታዲየም ይበልጥ የሚጮህበት ቀን አለ። ወዲያው ሪሞቱ ተነስቶ ቻናሉ ወደ ማንቸስተርና አርሰናል ይዞራል። የኛ ሊግ ደጋፊውን የተነጠቀው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ባዶ ወንበርና ሙሉ ወንበር ጎን ለጎን ሲታዩ ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው።

ዋልያዎቹም ቢሆኑ ከዚሁ ዕጣ አላመለጡም። ጣና ዳር፣ ባህር ዳር ስታዲየም፣ በ2014 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን ካስተናገዱ በኋላ ካፍ የሀገሪቱ ሜዳዎች መስፈርት አያሟሉም ብሎ በሩን ዘጋ። ህዳር 2 ቀን 2014 ጋናን «በሜዳቸው» የገጠሙት ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው፤ 1 ለ 1። ሰኔ 2 ቀን 2014 ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ረቱ። ግብፅን! ከስንት ዓመት በኋላ የተገኘ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ማን ቤቱ ያድር ነበር? ልጆቹ ግን ያን ድል ይዘው የተመለሱት ሆቴላቸው ነው። የራሳቸው ሕዝብ ሳያቅፋቸው እራት በልተው ተኙ።

ለቅድመ ውድድር ሁለት ሦስት ሳምንት ሀይቅ ዳር መግባት ደንብ ነው፤ ሁሉም ዓለም ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ እዚያ መኖር ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ገንዘብ አምጥቷል፤ ሊጉንም አሳይቷል። ይህን መካድ አይቻልም። ከሚገባው ገንዘብ ስንቱ ለአልጋ እንደሚወጣ ደግሞ የየክለቡ ሒሳብ ሹም ያውቀዋል፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ሜዳ ሣር ይለብስ እንደነበርም እንዲሁ።

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ያው አውቶብስ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከቱሉ ዲምቱ ገብቶ፣ ተሳቢዎቹ መሀል ተሰልፎ፣ በቃሊቲ በኩል ቀስ እያለ። አንዳንዱ ተጫዋች ሰፈሩ በዚሁ በኩል ስለሆነ መናኸሪያው ጋ አውርዱኝ ይላል። ጓደኞቹን ተሰናብቶ፣ ትልቅ ሻንጣውን እየጎተተ መንገዱን ይሻገራል። ሚኒባስ ይቆምለታል። ወያላው ፊቱን አይቶ የሆነ ቦታ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ግን የት እንዳየው ትዝ አይለውም። ለሻንጣውም የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቀዋል።