ሳይገጣጠም የሚሸጥ አውሮፕላን

ሰው ዕቃ የሚገዛው ማለቁን አይቶ ነው። ወንበሩ ከተነቃነቀ፣ የኮቱ ቁልፍ ከጎደለ ገንዘቡን ወደ ኪሱ መልሶ ይሄዳል። የፕላስቲክ ሞዴል ገበያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደንበኛው ያላለቀውን ፈልጎ ይመጣል፤ አልቆ ቢያገኘው አይገዛውም። በካርቶኑ ውስጥ ያለው አውሮፕላን ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ የአብራሪው ወንበር ለብቻ ነው። ቀለም አልነካውም። ገዢው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደክምበታል፤ ዋጋ የከፈለውም ለዚሁ ድካም ነው።

በአየር መንገድ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የምናየው አውሮፕላን ፋብሪካ የጨረሰው ጌጥ ነው። እዚህ የምናስተዋውቀው ሌላ ነው፤ ከክፍሎች ተነስቶ በገዢው እጅ የሚሠራ፣ ዛሬ የራሱ መደብሮች፣ መጽሔቶችና ውድድሮች ያሉት የትርፍ ጊዜ ሙያ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥኑና ቁጥሩ

ሳጥኑ ሲከፈት በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች የተያያዙ ክፍሎች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክፍል አጠገቡ ቁጥር አለው። ቀላሉ ሞዴል ሠላሳ አርባ ክፍል ይኖረዋል፤ ከባዱ ከብዙ መቶ ያልፋል። መስታወት የሚሆኑት ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሠርተው ለብቻቸው ይታሸጋሉ። መመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል የሚናገር ስለሆነ ቋንቋ አያስቸግርም። ዴካል የሚባለው ስስ ወረቀትም አለ፤ የአየር መንገዱ ስም፣ የጅራቱ ዓርማ ወይም የመኪናው ታርጋ የታተመው በእሱ ላይ ነው። ማጣበቂያና ቀለም በአብዛኛው ለብቻ ይገዛሉ።

ሳጥኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ቁጥር ስኬሉ ነው። 1/72 ከሆነ የሞዴሉ አንድ ሴንቲ ሜትር የእውነተኛውን 72 ሴንቲ ሜትር ይወክላል። ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው በሜትር ለምናስብ ነው። የጀመሩት ሰዎች የለኩት በጫማና በኢንች ነበር፤ ስድስት ጫማ 72 ኢንች ስለሆነ፣ በዚህ ስኬል አንድ ኢንች የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ይሆናል። 1/48 ደግሞ አንድ ኢንች ለአራት ጫማ ነው። መኪኖች በብዛት በ1/24 እና በ1/25፣ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በ1/144 ይሠራሉ።

ለእኛ በሚቀርቡን እንለካው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 60 ሜትር ነው፤ በ1/144 ወደ 42 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። አየር መንገዱ በ1946 ሥራ የጀመረበት ሲ-47 ክንፉ 29 ሜትር ነው፤ በ1/72 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቮልስ በ1/24 ርዝመቷ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ቢሰለፉ ግን ቮልሷ ከቦይንጉ አካል ወፍራ ትገኛለች! ልምድ ያለው ሰብሳቢ አንድ ስኬል መርጦ በእሱ የሚጸናው ለዚህ ነው። በአንድ ስኬል የተሠሩ ብቻ ናቸው ጎን ለጎን ቆመው እውነቱን የሚናገሩት።

ከብረት የሚወጣ ፕላስቲክ

ክፍሎቹ የሚወጡት ከሞልድ ነው። ሞልድ ማለት ሁለት የብረት ግማሾች ናቸው፤ የየክፍሉ ቅርጽ በላያቸው ተቦርቡሯል። ግማሾቹ በኃይል ተገጥመው ሲዘጉ፣ ከ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ይገባል። የሲዲ ማቀፊያ የሚሠራውም ከዚሁ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሞልዱ ተከፍቶ ክፍሎቹ ከነዘንጋቸው ይወጣሉ። ዘንጎቹ ፕላስቲኩ የፈሰሰባቸው ቦዮች ናቸው።

ሞልዱ መከፈት ስላለበት ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ዙሪያውን የተዘጋ ነገር በአንድ ጊዜ ከእሱ ማውጣት ያስቸግራል። የአውሮፕላኑ አካል ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት የሚከፈለው ለዚህ ነው። መሀል ለመሀል የሚሄደውን መጋጠሚያ ማጥፋትም ለሞዴል ሠሪው የማያልቅ ሥራ ሆኖ የቀረው ከዚሁ የተነሳ ነው።

ድሮ ባለሙያ ቅርጹን ከሚፈለገው አስበልጦ ከእንጨት ይቀርጸውና፣ ፓንቶግራፍ በሚባል መሣሪያ እያሳነሱ ወደ ብረቱ ይገለብጡት ነበር። ዛሬ ንድፉ በኮምፒውተር ይሠራል። ያልተለወጠው ሒሳቡ ነው፤ ፕላስቲኩ ርካሽ፣ ሞልዱ ግን ውድ ነው። ፋብሪካው ብዙ ሺህ ሳጥን እንደሚሸጥ ሳያምን ብረት አያስቆርጥም። ስፒትፋየር የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን በየመደብሩ ሲደረደር፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው አውሮፕላን የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መገጣጠሙ ለገዢ እንዴት ተተወ?

ከፕላስቲኩ በፊት እንጨት ነበር። በ1936 ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1/72 የተሠሩ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን ለመገጣጠም አቀረበ። የቀድሞዎቹ የፍሮግ ሞዴሎች በእርግጥ የሚበርሩ ነበሩ፤ አዲሶቹ ስለማይበርሩ በማትበርረው ወፍ ስም ፔንግዊን ተባሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሞዴሉ ለወታደር አስፈለገ። በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖች እንዲሠሩለት ጠየቀ፤ ሃምሳ ዓይነት፣ እያንዳንዱ አሥር ሺህ፣ ሁሉም በ1/72። ለተኳሾችና ለአብራሪዎች የወገንን አውሮፕላን ከጠላት መለየት ማስተማሪያ ነበሩ። አሥራ አንድ ሜትር ያህል ርቆ የሚታይ የ1/72 ሞዴል፣ እውነተኛው አውሮፕላን ከ800 ሜትር ገደማ እንደሚታየው ሆኖ ይታያል።

ከጦርነቱ በኋላ ታሪኩ ወደ ነጋዴዎቹ እጅ ገባ። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ ከሃንጋሪ የመጣ ስደተኛ በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ኤርፊክስ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም የሚሠራው በአየር የሚነፉ መጫወቻዎችን ነበር፤ በኋላ ማበጠሪያ ወደ ማምረት ዞረ። በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር አምራች ለሽያጭ ሠራተኞቹ ማስታወቂያ የሚሆን ትንሽ ትራክተር አዘዘው። ትራክተሯ በፋብሪካው ውስጥ በእጅ መገጣጠሟ አስቸገረ፤ ቆይቶ ክፍሎቿ ሳይገጣጠሙ ለገበያ ቀረቡ። በ1952 የእንግሊዛዊው መርከበኛ የፍራንሲስ ድሬክ መርከብ ጎልደን ሃይንድ በዉልዎርዝ መደብሮች በሁለት ሽልንግ መሸጥ ጀመረች፤ በቀጣዩ ዓመት ስፒትፋየር ተከተለ።

አሜሪካም ተመሳሳይ መንገድ ሄደች። ኤኤምቲ የተባለው የሚሺጋን ኩባንያ መጀመሪያ ለመኪና ሻጮች የሚታደሉ ያለቀላቸው ትናንሽ መኪኖች ይሠራ ነበር። በ1958 ያንኑ መኪና ፈትቶ አቀረበው፤ ከአንድ ሳጥን ፋብሪካ እንዳወጣት፣ አሳምረው የለወጧት፣ ወይም የውድድር መኪና፣ ከሦስቱ ገዢው የወደደውን እንዲሠራ።

በሁለቱም አገር ዕቃው አልቆ ተጀመረ፣ ኋላ ሳያልቅ ተሸጠ። ፋብሪካው ከመገጣጠም ወጪ ተገላገለ፤ ገዢው ደግሞ ሸክም መስሎ የተላለፈለትን ሥራ ወደደው። ንግዱ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ፍቅር ላይ ነው።

የሺዙኦካ እንጨት ሠሪዎች

ዛሬ የሙያው መዲና የምትባለው ሺዙኦካ፣ የቆየ የእንጨት ሙያ ያላት የጃፓን ከተማ ናት። ታሚያ የተባለው ኩባንያ እዚያ በ1946 ሥራ ሲጀምር ጣውላ ቤት ነበር። በ1951 እሳት ጣውላውን በላው፤ ቤተሰቡም ጎን ለጎን ይሠራው ወደነበረው የእንጨት ሞዴል አዘነበለ። በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ አወጣ፤ ሌላ ኩባንያ ያንኑ መርከብ በርካሽ ስላቀረበ ግን ከሰረ። ያዳነው ቀጥሎ የመጣው በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ነው። ታንኩ 1/35 የሆነው ሆዱ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ እንዲይዝ ተብሎ ነበር። ዛሬ የታንክ ሞዴል የሚሠሩ ኩባንያዎች በየአገሩ በብዛት የሚከተሉት ስኬል ይኸው ነው፤ መነሻው የባትሪ ድንጋይ መጠን መሆኑን ብዙዎች አያውቁም።

ኩባንያው በጥንቃቄው ይታወቃል። በ1970ዎቹ የፖርሼ 934 ውድድር መኪናን ሞዴል ለመሥራት ፎቶግራፍ አልበቃ ሲል፣ እውነተኛ ፖርሼ 911 ገዝተው ፈታተው ለኩት። ሺዙኦካም በየዓመቱ በግንቦት ወር ገደማ የሞዴል አውደ ርዕይ ታስተናግዳለች።

ጠረጴዛው ላይ

የገዢው ድርሻ በመቁረጥ ይጀምራል። ክፍሉ ከዘንጉ በእጅ ከተገነጠለ ይቦደሳል፤ በመቁረጫ ተቆርጦ የተረፈው ጉጥ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ጥቃቅኑ በወረንጦ ይያዛል።

ማጣበቂያው እንደ ተራ ኮላ በመሀል ተቀምጦ የሚይዝ አይደለም። የሁለቱን ክፍሎች ገጽ ያሟሟና ፕላስቲኩን ከፕላስቲኩ ያዋህዳል፤ ፈሳሹ ሲተን መጋጠሚያው አንድ አካል ይሆናል። ስለዚህም ጠንካራ ነው፤ ስለዚህም ያለቦታው የወደቀ ጠብታ ገጹን ያቀልጣል። ሽታው ስለሚከብድ መስኮት ከፍቶ መሥራት ግድ ነው።

ቅደም ተከተሉ የራሱ ብልሃት አለው። ኮክፒቱ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ቀለም ካልተቀባ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። አካሉ ከተዘጋ በኋላ ክፍተቱ በስቱኮ ይሞላል፣ ይፈገፈጋል፣ ፕራይመር ይቀባል፤ ፕራይመሩ ያጋለጠው ጭረት እንደገና ይፈገፈጋል። ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ያደሰ ሰው ይህን ሥራ በሚገባ ያውቀዋል። ልዩነቱ ስኬሉ ስህተትንም ማባዛቱ ነው፤ በ1/72 አውሮፕላን ላይ የቀረ የአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በእውነተኛው ላይ ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ማለት ነው።

ቀለሙ በብሩሽ ወይም በትንሽ የቀለም መርጫ ስስ ስስ ተደርጎ ይደራረባል። ዴካሉ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከወረቀቱ ሲላቀቅ፣ በቦታው ላይ ተንሸራትቶ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጀት ነው። ቀጥኖ የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም በቆርቆሮዎቹ መጋጠሚያ መስመሮች ውስጥ ይፈስሳል፤ የጭስ ማውጫው ጥላሸት፣ የጎማው ጭቃ፣ ፀሐይ ያነጣው ጣሪያ በየተራ ይሳላሉ። እዚህ ላይ እጅ ብቻ አይበቃም፤ ዘይት ከየት እንደሚያንጠባጥብ፣ መካኒኩ የት ረግጦ እንደሚወጣ ማወቅ ይጠይቃል። ብዙዎች ከፕላስቲኩ ይልቅ በፎቶግራፍ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት በዚህ የተነሳ ነው።

የማይከፈቱት ሳጥኖች

ከሠሪው ጎን ሰብሳቢው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ሰው ሁለቱም ነው። ዕድሜ ልኩን ቢሠራ የማይጨርሰው ሳጥን ቤቱ የከመረ ሞዴል ሠሪ ብርቅ አይደለም። ተፈላጊ ሞዴል ከገበያ ሲጠፋ ሳጥኑ ይወደዳል፤ በተለይ ያልተከፈተው። ለሽፋኑ ሥዕል ብቻ የሚገዙም አሉ። ሮይ ክሮስ ለኤርፊክስ፣ ሺጌሩ ኮማትሱዛኪ ለታሚያ የሣሏቸው ሽፋኖች ዛሬ እንደ ሥነ ጥበብ ይታያሉ።

ሰብሳቢውን የሚያስፈራው ሞልዱ አለመሞቱ ነው። ብርቅ የተባለው ሞዴል ከዓመታት በኋላ ከዚያው ብረት እንደገና ይታተምና የአሮጌው ሳጥን ዋጋ ይወርዳል። ሞልድ አገርም ይቀይራል። ፍሮግ በ1970ዎቹ ሲዘጋ አብዛኞቹ ሞልዶቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ኖቮ በሚል ስም ማምረት ቀጠሉ። የጀርመንና የአጋሮቿን አውሮፕላኖች ሞልድ ግን ሶቪየቶቹ አልፈለጉትም፤ ሬቭል የተባለው ኩባንያ ወሰዳቸው።

ሳጥን የሌለው ሞዴል

ለጀማሪ የሚመከረው ጥቂት ክፍል ያላት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በ1/72፣ ወይም ታሚያ በ1/24 የሚያወጣት የ1966 ቮልስ ናት። መቁረጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ ሁለት ብሩሽና ጥቂት ቀለም ይበቃሉ።

የለመደ እጅ ግን ከመመሪያው መውጣት ይጀምራል። ሲ-47 ሳጥኑ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ምልክት ይዞ ቢመጣ፣ የአየር መንገዳችንን ዓርማ በዴካል ወረቀት ላይ አትሞ መለወጥ ይቻላል። ከዚያ የሚብሰው ፈተና ፀሐይ ናት፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ በ1935 የበረረች፣ ጣሊያን ወስዷት በ2024 የተመለሰችው ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን። አንዲት ብቻ ለተሠራች አውሮፕላን ትልቅ ፋብሪካ ብረት እንዲያስቆርጥ መጠበቅ ከባድ ነው። እሷን የሚፈልግ ሰው ፎቶግራፎቿን አሰባስቦ፣ ልኳን አስልቶ፣ ከዝርግ ፕላስቲክ ራሱ ይቆርጣታል። ክንፉ በየት በኩል እንደሚጋጠም፣ ኮክፒቱ መቼ እንደሚቀባ፣ ስቱኮው የት እንደሚገባ የሚነግረው መመሪያ የለም። ይህን ሁሉ ማወቅ ያለበት አስቀድሞ ነው፤ የሚያውቀውም ፋብሪካ ሳይጨርስ የሸጠለትን ሌሎች ሳጥኖች በገዛ እጁ ጨርሶ ስለመጣ ነው።