አክተር አይሞትም! የሳሃፋ ልጆች አዲሱን ራምቦ ሲጠብቁ

በዚህ እትም ስለ ራሽን፣ ስለ ውኃ ወረፋና ስለ ምዝገባ የሚነገረውን ለሌሎቹ አምዶች ትተን፣ ሰሞኑን በየሻይ ቤቱና በየቡናው ላይ ስለሚያከራክረን ጉዳይ ትንሽ እንጫወት። ጉዳዩ ራምቦ ነው። አዎ፣ ያው የምናውቀው ራምቦ! ግንባሩን በቀይ ጨርቅ ያሰረው፣ ያንን ጥርስ ያለው ትልቅ ቢላዋ የታጠቀው ሰውዬ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በፈረንሳይ ካን ከተማ በተካሄደው የፊልም ገበያ ነው። «ጆን ራምቦ» የሚባል አዲስ ፊልም ሊሠራ መሆኑ እዚያ ተነገረ። ዳይሬክተሩ «ሲሱ» በተባለው ፊልሙ የታወቀው ፊንላንዳዊው ያልማሪ ሄላንደር ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ራምቦን ሆኖ የሚሠራው ኖዋ ሴንቲኔዮ የሚባል ወጣት መሆኑ ተሰማ። ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1996 የተወለደ ሲሆን በይበልጥ የሚታወቀው በፍቅር ፊልም ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ ሄዶ ራምቦ ገና ወጣት ወታደር ሳለ በቬትናም ጦርነት የደረሰበትን ያሳያል ተብሏል። ቀረጻውም በታይላንድ እንደሚሆን ተነግሯል።

እንግዲህ ይህ ወሬ በስልክ ከሰው ሰው ሲተላለፍ እኛ ዘንድ ደረሰ። በተለይ ከሳሃፋ የመጣነውን በሁለት ጎራ ከፈለን። ለምን እንደከፈለን ለመረዳት ግን ከቪዲዮ ቤቱ መጀመር አለብን።

የቪዲዮ ቤት ሕግ

አሁን አርባዎቹ ውስጥ ያለን ሰዎች ራምቦን ያወቅነው በሲኒማ ቤት አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በየከተማውና በየቀበሌው ቪዲዮ ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናል። ወንበሩ ጀርባ የሌለው አግዳሚ ነው። በር ላይ በጠመኔ የዕለቱ ፊልም ይጻፋል፤ አጻጻፉ ደግሞ ለአስተማሪ ልብ የሚያደማ ነበር፤ «ራንቦ»፣ «ራምቦ ቁ. 2»፣ «ራምቦ አፍጋኒስታን» እየተባለ። እናት ዘይት ግዛ ብላ የሰጠችው ሳንቲም እዚያ በር ላይ ይቀራል።

ቪዲዮ ቤት የራሱ ሕግ ነበረው። ዋናው ሕግ «አክተር አይሞትም» የሚለው ነው። አክተር ስንል ዋናውን ሰውዬ፣ ጀግናውን ማለታችን ነበር። ጥይት ቢዘንብበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ ወንዝ ቢወስደው፣ ከኋላ ያለው ልጅ «አትፍሩ፣ አክተር አይሞትም!» ብሎ ያረጋጋናል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ወሬ ሲበዛ ማሳለፍ ነው። እንግሊዝኛው አይገባንም። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ማውራት ከጀመሩ ቤቱ በሙሉ «ፎርዋርድ! ፎርዋርድ!» ይላል። ባለ ዴኩም ያሳልፍልናል፤ ተኩስ ጋ ሲደርስ ይለቀዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያው ራምቦ ዋና ነገሩ ያለው እኛ ፎርዋርድ ባስደረግነው ቦታ ላይ ነው።

ሳሃፋ ላይ ሲገባን

ሳሃፋ በዐረብኛ ፕሬስ፣ ጋዜጠኝነት ማለት ነው። በደቡብ ካርቱም፣ ከሚና በሪ የአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሰፊ ሰፈር ነው። ከገዳሪፍ በኩል የሚመጣ ሐበሻ ከአውቶቡስ ወርዶ ረክሻ ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስም እሱ ነው። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15፣ 2023) እስኪጀመር ድረስ ሰፈሩ የእንጀራ፣ የቡናና የአማርኛ ዘፈን ሰፈር ነበር። ቀን ሹግል እንውላለን፤ ማታ ተሰብስበን ዲሽ እናያለን።

ኤምቢሲ ሁለት የሚባለው የዐረብ ጣቢያ የአሜሪካ ፊልም በዐረብኛ ጽሑፍ ያሳይ ነበር። ከመካከላችን ሱዳን ያደጉና ዐረብኛ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ። እነሱ እያነበቡ ወደ አማርኛ ሲመልሱልን፣ በልጅነታችን ሃያ ጊዜ ያየነውን ፊልም እንደ አዲስ አየነው። ካህረባ መሀል ላይ ከጠፋም የቀረውን በወሬ እንጨርሰዋለን።

ለመሆኑ የመጀመሪያው ራምቦ ታሪክ ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ይህ ፊልም በቴድ ኮቼፍ ተዘጋጅቶ ሆፕ በምትባል የካናዳ ከተማ የተቀረጸ ነው። ከቬትናም የተመለሰ ወታደር የጦር ጓደኛውን ፍለጋ በእግሩ ይመጣል። ጓደኛው ግን ሞቷል፤ በጦርነቱ ጊዜ በተረጨው ኬሚካል የተነሣ በካንሰር። ከክፍሉ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ የሚበላ ነገር ፍለጋ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይገባል። የፖሊሱ አዛዥ ጸጉሩንና ልብሱን ያይና በመኪና ጭኖ ከከተማው ዳር ድልድይ ላይ ያወርደዋል። መንገዱን እንዲቀጥል ይነግረዋል። ራምቦ ዞሮ ይመለሳል። ይታሰራል። መዘዙ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

እስቲ ልብ በሉ! ሰውዬው አልሰረቀም፣ አልተሳደበም። ጥፋቱ አለባበሱና ቤት የሌለው መምሰሉ ነው። ይህንን ለሳሃፋ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ከሻ ምን ማለት እንደሆነ፣ ኢቃማ ሳይዙ መንገድ መሻገር ምን እንደሚመስል የምናውቅ ነን። ያን ምሽት ፊልሙ ሲታይ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ «እንዴ! ይሄ ሰውዬ እኛን ነው እኮ!» አለ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ራምቦ ያለቅሳል። በልጅነታችን «አክተር ያለቅሳል እንዴ?» ብለን ተናደን ያሳለፍነው ቦታ ነው። የሚያለቅሰው ሳይጎን ከተማ ስለሞተ ጓደኛው ነው። አንድ ልጅ የሊስትሮ ሳጥን ይዞ ይመጣና ጫማ ልጥረግ ይላል። ሳጥኑ ውስጥ ፈንጂ ነበረ። ጓደኛው እጁ ላይ ሞተ። ያንን ሲናገር ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሲሞት የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አራተኛው ክፍል ግን ሟቹን የቆጠሩ ሰዎች ከ200 በላይ ይላሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ፊልሙ ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ ማየት ይቻላል።

በመጽሐፉ አክተሩ ይሞታል

ፊልሙ የተወሰደው ዴቪድ ሞሬል የተባለ በካናዳ የተወለደ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ራምቦ መጨረሻ ላይ ይሞታል። በፊልሙም የመሞቻው ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። ነገር ግን ለሙከራ ለተመልካች ሲያሳዩት ሰው አልወደደውም፤ ስለዚህ እጁን ሰጥቶ በሕይወት እንዲወጣ ተደረገ። «አክተር አይሞትም» የሚለው ሕግ የእኛ ቪዲዮ ቤት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የአሜሪካ ተመልካችም ያንኑ ሕግ አስከብሯል።

ባይለውጡት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለተኛው፣ በ1988 አፍጋኒስታን የሄደበት ሦስተኛው፣ በ2008 አራተኛውና በ2019 አምስተኛው ባልኖሩ ነበር። ሦስተኛው የወጣው የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን መውጣት በጀመረበት በሜይ 1988 ስለነበር ታሪኩ ከዜናው ኋላ ቀረ። አራተኛው ደግሞ በበርማ ስለሚሰደዱት የካረን ሕዝቦች ነው። እነዚህ ሕዝቦች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በታይላንድ ድንበር በመጠለያ ካምፕ የሚኖሩ እንደ እኛ ስደተኞች ናቸው። የዚያ ፊልም መጨረሻ ላይ ራምቦ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አባቱ እርሻ በእግሩ ይገባል። ከተኩሱ ሁሉ ይልቅ ብዙዎቻችን ደጋግመን ያየነው ይህንን ነው። ከ1982 እስከ 2008 ቆጥሩት። አገሩ ለመግባት ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

ስሙ በሐረር በኩል ያልፋል

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን እንንገራችሁ። ሞሬል ለጀግናው ስም ሲፈልግ ባለቤቱ ከገበያ ራምቦ የሚባል የአፕል ዓይነት ገዝታ መጣች። እሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን የፈረንሳዩን ባለቅኔ የአርቱር ራምቦን ሥራ እያነበበ ነበር። ሁለቱ ስሞች ተገጣጠሙለት።

ይህ ባለቅኔ ማነው? ሐረርን ያየ ሰው ያውቀዋል። ግጥም መጻፍ በሃያ ዓመቱ ገደማ አቁሞ ስደት የገባ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር ደረሰ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ። እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 ገደማ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ፤ ትርፉ ግን እንደጠበቀው አልሆነም። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። ጁገል ውስጥ ባለ ቀለም መስኮት የእንጨት ቤት በስሙ ሙዚየም ሆኗል። ቤቱን ከእርሱ ዘመን በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ ነው የሠራው ይባላል። የከተማው ልጆች ግን ፈረንጅ ባዩ ቁጥር «ራምቦ ቤት! ራምቦ ቤት!» እያሉ ይመራሉ።

ስለዚህ በጠመኔ በተጻፈ ስም የሳበን ያ ወታደር፣ ስሙን በከፊል ያገኘው በአገራችን ከኖረ አንድ ስደተኛ ነው። ይህን የሰማ አንድ የሐረር ልጅ «እንግዲህ ራምቦ የሰፈሬ ልጅ ነዋ!» ብሎ ሦስት ቀን ኮርቶብናል።

ክርክሩ

አሁን ወደ ሁለቱ ጎራዎች እንመለስ። አንደኛው ጎራ «ያለ ስታሎን ራምቦ የለም» ይላል። ሲልቬስተር ስታሎን እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደ ነው፤ አምስተኛውን ሲሠራ ከሰባ አልፎ ነበር። እነዚህ ወንድሞች የሚናፍቁት ፊልሙን ብቻ አይደለም። ያንን ፊት ሲያዩ የሠፈራቸው ቪዲዮ ቤት፣ አብረዋቸው አግዳሚው ላይ የተጣበቡት ልጆች ይመጡባቸዋል። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ በጦርነት፣ አንዳንዶቹ በበረሃ፣ አንዳንዶቹ በባሕር ቀርተዋል። አክተር ያልሆነ ሰው ይሞታል። አዲስ ፊት እነዚያን ልጆች አይመልስም፤ ይህ ስሜታቸው ሊከበር ይገባል።

ሁለተኛው ጎራ ግን «ይሠራ፣ እንየው» ይላል። እኛም ወደዚህ እናዘነብላለን። ምክንያታችንን እንናገር። ራምቦ በመጀመሪያው ፊልም ሲያለቅስላቸው የሰማናቸውን ጓደኞቹን እስከ ዛሬ በደንብ አላየናቸውም። ወጣቱ ራምቦ በቬትናም ከታየ እነሱም በሕይወት ሊታዩ ይችላሉ። ሰው ከመቁሰሉ በፊት ምን ይመስል ነበር? ምን ይስቅ ነበር? ይህንን ካሳዩን ትልቅ ነገር ነው። ተኩስ ብቻ ካሳዩን ግን ፎርዋርድ አድርጎ የተሠራ ፊልም ይሆናል።

ልጆቻችንስ?

እዚህ ላይ እንደ መምህራን አንድ ነገር ማንሳት ግድ ይለናል። እኛ ራምቦን ስናይ ተኩስ ለብዙዎቻችን ጨዋታ ነበር፤ ወጥተን በእንጨት ጠመንጃ እንጫወት ነበር። የዛሬ ልጆቻችን ግን በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ የአውሮፕላን ድብደባ አልጋ ሥር ሆነው የሰሙ ናቸው። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ መቆጣጠሩ ሲነገርም ልጆቹ የጠየቁት «ቤታችን አለ?» ብለው ነው። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አለ። እንዲህ ላለ ልጅ የጦርነት ፊልም መዝናኛ አይሆንም። ቀን ያየውን ሌሊት ያልመዋል። ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ ትንንሾቹን አታስቀምጧቸው።

ለጎረምሶቹ ግን ሌላ ሐሳብ አለን። አዲሱ ፊልም እስኪደርሰን የመጀመሪያውን፣ የ1982ቱን፣ አብረን እንይ። ፎርዋርድ ሳይደረግ! እንግሊዝኛ የሚችል ይተርጉም፤ ዐረብኛ የሚያነብ ያግዝ። ሲያልቅ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ያ ፖሊስ በዚያ ድልድይ ላይ ሰውዬውን ከማውረድ ይልቅ አንድ ሳህን ምግብ ቢያስቀርብለት ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን ነበር? ጦርነት ካለፈ በኋላ የሚመለስ ወታደርን ማን ይቀበለው? የሚያለቅስ ወንድ ጀግና ሊባል ይችላል? እኛ አገርም፣ ሱዳንም ውስጥ ጠመንጃ ይዘው የሚመለሱ ብዙ ወጣቶች አሉና ጥያቄው የአሜሪካ ብቻ አይደለም።

የቪዲዮ ቤት ትዝታ ያላችሁ አንባቢያን፣ ከየትኛውም ከተማ ብትሆኑ፣ በጽሑፍም በቃልም አድርሱን፤ ለሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ስታሎን ወይስ አዲሱ ልጅ? የሚለውንም ድምፃችሁን ጨምሩበት። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!